የመምህር ግዛቸው የመጨረሻ ማጠናከሪያ

የኢኮኖሚክስ መምህሩ ግዛቸው የተገኙት ከሰሌዳው ሥር በጀርባቸው ተዘርረው፣ ጭንቅላታቸው በመድረኩ የሲሚንቶ ጠርዝ ላይ አርፎ ነበር። ያገኟቸው የትምህርት ቤቱ ጥበቃ ጋሽ ሣህሌ ናቸው፤ አመሻሽ ላይ ክፍሎቹን ሊቆልፉ ሲዞሩ። ኢንስፔክተር አፀደ ደርሳ ሬሳው ላይ አጎነበሰች። ሸሚዛቸው ደረታቸው ላይ ተጨምድዷል፤ አንድ ቁልፍም ተበጥሷል። ከዚያ ቀና ብላ ሰሌዳውን አየች። የፍላጎት ግራፍ ተስሎበታል፦ በአግድሙ መስመር ጫፍ «ዋጋ»፣ በቁሙ ጫፍ «መጠን» የሚል ጽሑፍ፣ መሐል ላይ ቁልቁል የወረደ መስመር።

ሲጥል ያመሸው ዝናብ በማግስቱ ጠዋትም አላባራም። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈታኞችን ወደ ዩኒቨርሲቲው የሚወስደው አውቶቡስ የትምህርት ቤቱ በር ላይ ሞተሩን አስነስቶ ይንቀጠቀጣል። ትሁት ግን ፖሊስ ጣቢያ ናት። ከማንኪራ ገጠር መጥታ፣ ቦንጋ ቤት ተከራይታ የምትማር ልጅ ናት፤ ትናንት ከማጠናከሪያ ትምህርቱ በኋላ ከመምህሩ ጋር ብቻዋን የቀረችውም እሷ ነበረች። አውቶቡሱ ጥሏት ከሄደ ፈተናው አመለጣት፤ የዓመት ድካሟም አብሮ ሄደ።

«ሰሌዳው ላይ ምን እየሳሉልሽ ነበር?» አለቻት አፀደ።

«ምንም። ሰሌዳውን ጠርገው ጨርሰው ነበር። ስለ ግሽበት ጠይቄያቸው በቃል አስረዱኝና ወጣሁ።»

«መምህር ተድላ ግን በመስኮት አይቻለሁ ይላሉ። ግራፍ እየሳሉልሽ ትጨቃጨቁ ነበር አሉ።»

«የሒሳቡ ቲቸር? ዋሽተዋል!» አፏን በእጇ ያዘች። «ይቅርታ… ግን ከቲቸር ግዛቸው ጋር ማን ይጨቃጨቃል? እንቅልፍ ሲወስደን እንኳ አይቆጡም፤ ይስቁብናል እንጂ።»

አፀደ ልጅቷ ደረቷ ላይ ያቀፈችውን የመማሪያ መጽሐፍ ተቀብላ ገለጠች። አንድ ገጽ ላይ ቆመች፤ ወደ ሌላው አለፈች፤ እንደገና ተመለሰች። መጽሐፉን በድንገት ዘጋችው።

«ተነሺ፤ ትምህርት ቤት እንሂድ።»

ክፍሉ ውስጥ ርዕሰ መምህሩ አቶ ገብረሚካኤል ወዲያ ወዲህ ይላሉ። ጋሽ ሣህሌ በሩ ላይ ቆመዋል። ተድላ እጆቹን ኪሱ ከቷል።

«ኢንስፔክተር፣ ሾፌሩ እየጮኸብኝ ነው» አሉ አቶ ገብረሚካኤል። «እሷ ትቆይና ሌሎቹ ይሂዱ።»

«አውቶቡሱን ያዙልኝ። ጋሽ ሣህሌ፣ ማን ማን ሲወጣ አዩ?»

«ትሁትን በዋናው በር አስወጥቻታለሁ። ዝናብ ነበር፤ ‹ሩጪ› አልኳት። መምህራኑን ግን አትጠይቂኝ፤ እነሱ በጓሮ በር ወደ ባጃጅ ነው የሚሾልኩት።»

«እኔ የወጣሁት ከእሷ በፊት ነው» አለ ተድላ። «ሲስሉላት በዓይኔ አይቻለሁ። ይኸው ግራፉ!»

«ይህንኑ?»

«ይህንኑ።»

«አሳሳሉስ ልክ ነው?»

ተድላ ፈገግ አለ። «እንከን የለውም። ዋጋ ምክንያት ነው፤ የሚገዛው መጠን ውጤት። ምክንያት በአግድሙ፣ ውጤት በቁሙ ይሰፍራል።»

«አንቺስ ምን ትያለሽ ትሁት?»

ልጅቷ ወደ ሰሌዳው ጠጋ አለች። «ተገልብጧል። በሒሳብ እንደዚያ ይሆናል፤ በኢኮኖሚክስ ግን ዋጋ በቁሙ መስመር ላይ ነው። ቲቸር ግዛቸው ‹ቦንጋ ገበያ ዋጋ ወደ ጎን ሲሄድ ያየ አለ? ወደ ላይ ነው የሚወጣው!› እያሉ ያስቁን ነበር።»

«መጽሐፉም እንደ እሷ ነው የሚለው» አለች አፀደ። «እንዲህ የተሳለ አንድም አጣሁበት።»

«ሰው አይሳሳትም?» የተድላ ድምፅ ከፍ አለ።

«ቢሳሳቱስ ይህች ልጅ ፊታቸው ቆማ ዝም ትላለች? ይህን የሳለው ሒሳብ አዋቂ እንጂ የኢኮኖሚክስ ሰው አይደለም። መምህር ግዛቸው ካልሳሉት፣ ሲስሉ አየሁ የሚሉት እንዴት ነው? ትሁት ስትወጣ ሰሌዳው ባዶ ነበር። ከዚያ እርስዎ ገቡ። ሸሚዛቸውን ጨምድደው ያዙ፤ ገፈተሯቸው። ከዚያ ትሁትን ሲያስጠኑ የሞቱ እንዲመስል ግራፉን ሳሉ። ያልገባኝ ለምን እንደሆነ ነው።»

ተድላ አግዳሚው ላይ ቁጭ አለ።

«ልገድለው አልነበረም። ‹ፈተናው ሾልኮ ወጥቷል› ብዬ ለልጆቹ ጥያቄና መልስ በወረቀት ሰጥቻቸው ነበር፤ ከራሴ የፈጠርኩትን። ሁሉም ግዛቸው፣ ግዛቸው ይላል። አንድ ጊዜ እንኳ እኔን ቢከቡኝ ብዬ… ግዛቸው ደረሰበት። ጠዋት አውቶቡስ ውስጥ ገብቼ እነግራቸዋለሁ አለኝ።»

አውቶቡሱ ጥሩምባውን ነፋ።

«ሂጂ» አለቻት አፀደ። «ነፃ ነሽ።»

ትሁት አልተንቀሳቀሰችም። «አሁን ልጆቹ የሚያጠኑት ያንን ነው?»

«አዎ» አለ ተድላ።

ልጅቷ መጽሐፏን ሹራቧ ሥር ከትታ በዝናቡ ሮጠች። አፀደ በረንዳው ላይ ቆማ አውቶቡሱ ላይ ስትወጣ አየቻት። የአውቶቡሱ በር ሳይዘጋ፣ ከሞተሩ ጩኸት በላይ ድምፅዋ ተሰማ፦

«ወረቀቱን ጣሉት! ውሸት ነው! መጽሐፍ የያዘ ያውጣ፤ እስክንደርስ ከመጀመሪያው እንከልሳለን።»