የደነቆረው ግቢ

ካቦ ሀብቴ በሳሎኑ ወለል ላይ በግንባሩ ተደፍቷል። የወደብ ሠራተኛ ጆንያ የሚጎትትበት የብረት መንጠቆ ማጅራቱ ላይ ተሰክቷል። ገዳዩ በአንድ ምት አልረካም፤ የተተለተለው ትከሻና ጀርባ መንጠቆው እየተነቀለ ሲመለስ እንደነበር ይመሰክራል። ደሙ ወደ ደጃፉ ወርዶ እንደ ሬንጅ ረግቷል። ከበላዩ የኮርኒሱ ቬንትሌተር፣ ምንም እንዳልተፈጠረ፣ እያጓራ ይሽከረከራል።

ጊዜው ሰኔ 1970 ነው። በዚያ ዓመት ሰው ለመሞት ብዙ ምክንያት አያስፈልገውም ነበር፤ ሀብቴ ግን ከሟቾች ወገን ይሆናል ብሎ የጠረጠረ በአሰብ አልነበረም። የጫኝና አውራጆች ካቦ፣ ማታ ማታ ደግሞ የቀበሌው እስረኞች «ጠያቂ» ነበር። ሲጠይቅ በዱላ ነው።

መቶ አለቃ ትሩፋት የበሩ ደፍ ላይ ቆማ በማራገቢያ ፊቷን ታናፍሳለች። ማራገቢያውን በዚያው ቀን ቀትር ላይ ከፖሊስ ጣቢያው ደጃፍ ከተቀመጠች አፋር ሴት ነው የገዛችው፤ ገና የዘንባባ ሽታ አለው። ወፍራም፣ ዝምተኛ፣ ከደጋ የመጣች መርማሪ ናት። አለቃዋ ሲልካት፣ «ትሩፋት፣ እባክሽ አታወሳስቢው። ሟቹ ሞቷል፣ ገዳዩ ተይዟል፣ ሁሉም ተሟልቷል» ብሏታል።

የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ ውድነህ በተተኮሰ ካኪ ሸሚዝ ተቀበላት።

«መድከም አያስፈልግም፣ ጓድ መቶ አለቃ። ገዳዩ ዲኒ የሚባል ጫኝ ነው። መንጠቆውም የእሱ ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ አብዮታዊ እርምጃ ይወሰድበታል። ከእርስዎ የሚፈለገው ፊርማ ብቻ ነው።»

«ፈጥናችኋል።»

«አብዮቱ አይተኛም።»

«ቀትር ላይም?»

ውድነህ ፈገግ ብሎ መንገድ ለቀቀላት።

ትሩፋት ሬሳውን ዞረችው። ከቬንትሌተሩ ሥር ሰፊ ሶፋ አለ፤ ከሶፋው ፊት ለፊት፣ ጠረጴዛው ላይ፣ ቢራ የቀረበት ብርጭቆ። ሬሳው አጠገብ የተገለበጠ በርጩማ፣ ከበርጩማው ሥር የተንከባለለ ጠርሙስ። ሌላ ብርጭቆ ፈለገች፤ የለም።

የሟቹን ሚስት እቴናትን ከጎረቤቷ ክፍል አስጠራቻት። የፊት ጥርሷ ወልቋል፤ ጉንጯ ላይ ያረጀ ሰንበር አለ። አላለቀሰችም።

«ሶፋው ላይ ማን ይቀመጣል፣ እህቴ?»

«እሱ።»

«እንግዳ ሲመጣስ?»

«እንግዳው በርጩማ ላይ። እኔ እቆማለሁ።»

«ዛሬ ቀትር ላይ የት ነበርሽ?»

«ኻዲጃ ጋ። ‹እንግዳ አለብኝ፣ ጥፊልኝ› አለኝ።»

«ማን እንደሚመጣ ነገረሽ?»

እቴናት ወደ በሩ አየች። ውድነህ ከደጅ ቆሞ ሲጋራ ይለኩሳል።

«ቬንትሌተሩ ይጮኻል፤ ምንም አልሰማሁም» አለች።

«እሱን አልጠየቅሁሽም።»



በቀጣዩ በር የነዳጅ ማጣሪያው ቴክኒሺያን መርሻ ይኖራል፤ በማሽን ጉዳይ ከጣሊያን የሚከራከር፣ በሰው ጉዳይ ግን ከማንም የማይከራከር ሰው ነው።

«ምሳ በልቼ ጋደም ብዬ ነበር። ቬንትሌተሩ ይጮኻል፤ ምንም አልሰማሁም።»

«ሚስቱን ሲደበድብስ ሰምተህ ታውቃለህ?»

«ቬንትሌተሩ...»

«ሁልጊዜ?»

«ሀብቴ እኮ ጠባዩ ነው እንጂ ልቡ ንጹሕ ነበር። ደግሞ የባልና ሚስት ነገር ማን ይገባበታል?» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ይልቅ ነገ ከአዲስ አበባ አጣሪ ኮሚሲዮን ይመጣል ይባላል። ቀበሌው እስር ቤት ስለሞተው ልጅ።»

«ልጁን ማን ገደለው?»

«ታሞ ነው ተባለ።»

«አንተስ ምን ትላለህ?»

«እኔ የተባለውን ነው የምለው፣ መቶ አለቃ።»

ልብስ ሰፊዋ ኻዲጃ በሯ ላይ ቆማ ጠበቀቻት። ከመስኮቷ ሥር የውሃ በርሜል አለ። ትሩፋት ክዳኑን አነሣችው፤ ባዶ ነው። ከሥሩ ያለው አሸዋ ግን ጨቅይቷል። ውሃ በቦቴ በሚታደልበት፣ ሰው ፊቱን በተለቃለቀበት እግሩን በሚታጠብበት ከተማ፣ ይህ ከሬሳው እኩል ዓይን የሚስብ ነገር ነው።

«በርሜልሽን ምን አገኘው?»

«ወላሂ ትል ወደቀበት። ደፋሁት።»

«ሙሉውን?»

«ትሉ ትልቅ ነበር።»

«ቀትር ላይ ምን ሰማሽ?»

«ቬንትሌተሩ ይጮኻል፣ ያ ኡኽቲ፣ እህቴ። ምንም አልሰማሁም።»

ዲኒን የቀበሌው ጓሮ ውስጥ፣ ቆርቆሮው እንደ ምጣድ በሚግልበት ክፍል አገኘችው። ከንፈሩ ተተርትሯል፣ አንድ ዓይኑ ተደፍኗል። ቀኝ እጁ ግን በድብደባው አልነበረም ያበጠው፤ ጣቶቹ ቀድመው ጠቁረዋል።

«ይህ መቼ ነው?»

«ትናንት፣ ወደብ ላይ። ጆንያ ጣልኩ። ካቦው በቡቱ ረገጠኝ። ሲሰበር ሰማው፣ ከዚያም ደገመው።»

«መንጠቆው ያንተ ነው?»

«የኔ ነው። ዛሬ ጠዋት ልከሰው ቀበሌ ሄድኩ። ‹መሣሪያ ይዘህ አትገባም› ተብዬ በር ላይ ተቀማሁ። ከዚያ ‹ሀብቴ ጓዳችን ነው፣ ታገሥ› ተብዬ ተመለስኩ። ስኳር የሚጠብቀው ሰልፍ ሁሉ አይቷል።»

«ማን ተቀበለህ?»

ዲኒ አፉን ሲከፍት አብዮት ጠባቂው ወሰኔ የጠመንጃውን ሰደፍ በተሰበረው እጅ ላይ አሳረፈው። ልጁ ድምፅ ሳያወጣ ተጣጥፎ ወደቀ።

«ለምን መታኸው?» አለች ትሩፋት።

«ሊያመልጥ መሰለኝ።»

«ታስሮ?»

ወሰኔ ትከሻውን ሰበቀ። ዲኒ ነፍስ ሲዘራ ትሩፋት ገመዱን አላልታ ማራገቢያዋን በቀኝ መዳፉ ላይ አኖረችው። «ያዝልኝ» አለችው። ሞከረ፤ ጣቶቹ አልታጠፉም፤ ማራገቢያው መሬት ወደቀ። አንሥታ አቧራውን አራገፈችና ሁሉም ሀብቴ ሳሎን እንዲሰበሰቡ አዘዘች።

ፀሐይዋ ወደ በረሃው አዘቅዝቃለች። ሬሳው አንሶላ ለብሶ ጥግ ላይ ተኝቷል፤ ዝንቡ በቬንትሌተሩ ንፋስ እየተገፋ ይመለሳል። እቴናት፣ ኻዲጃና መርሻ ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ። ዲኒን ወሰኔ እየጎተተ አስገባው። ውድነህ ገብቶ ማንንም ሳያይ ሶፋው ላይ ተቀመጠና እግሩን አነባበረ።

«አጠር ይበልልን» አለ። «ሲጨልም ተኩስ ያስቸግራል።»

«አጭር ነው» አለች ትሩፋት። «ሦስት ሰው ጠየቅሁ፣ አንድ መልስ አገኘሁ። እስቲ ይህን ማራገቢያ ዛሬ ቀትር ላይ ለምን እንደገዛሁት ጠይቁኝ።»

ማራገቢያውን ከፍ አድርጋ አሳየቻቸው።

«የጣቢያው ቬንትሌተር ቆሞ ነው። መብራት ከተማው በሙሉ ጠፍቶ ነበር፤ የመጣው እኔ ልጠራ ስል ነው። ሀብቴ ሲታረድ ይህ ቬንትሌተር ቆሞ ነበር። የናንተም እንዲሁ። ግቢው ዝንብ ሲያርፍ የሚሰማበት ነበር።»

መርሻ ላቡን ጠረገ። «ልማድ ሆኖብን ነው፣ መቶ አለቃ።»

«አውቃለሁ። እዚህ መብራት ይቋረጣል፤ ይህ መልስ ግን ተቋርጦ አያውቅም። የእቴናት ጥርስ ሲወልቅም ይኸው ነበር። ያኔ ሀብቴን ፈርታችሁ ነው። አሁን ሀብቴ ሞቷል። ታዲያ ዛሬ የደነቆራችሁት ለማን ነው? ለዲኒ?» ወደ ልጁ በማራገቢያዋ አመለከተች። «ለዲኒ ብሎ የሚደነቁር በዚህ ከተማ አልተወለደም። ገዳዩ እሱ ቢሆን ሳልጠይቃችሁ በነገራችሁኝ። ሰው ጆሮው የሚደፈነው ከበላዩ ላለው ነው።»

ውድነህ ሲጋራውን ጠረጴዛው ላይ ተጭኖ አጠፋው።

«ቀጥሎ ቤቱ ነው። ሀብቴ ሶፋውን ለማንም አይለቅም። ዛሬ ግን ብርጭቆው ሶፋው ፊት ነው፤ ጠርሙሱ በርጩማው ሥር። ያለችውን አንድ ብርጭቆ ለእንግዳው ሰጥቶ እሱ ከጠርሙሱ ነው የጠጣው፤ በገዛ ቤቱ በርጩማ ላይ ቁጭ ብሎ። ሚስቱንም አስወጥቷል። ዲኒን እንዲህ ያስተናግዳል? መርሻንስ? ሀብቴ የሚነሣለት ሰው በዚህ ክፍል አንድ ብቻ ነው፤ አሁንም ማንም ሳይጋብዘው ሶፋው ላይ ተቀምጧል።»

ሁሉም ሶፋውን አዩ። ውድነህ የተነባበረ እግሩን አወረደ።

«መንጠቆው ከቀበሌው በር አልፎ ወደ ዲኒ አልተመለሰም። ቢመለስም ማራገቢያ መያዝ ያቃተው እጅ የሰው አጥንት አይበሳም። ገዳዩ ደም ነክቶት ነበር፤ ታጠበ። አሰብ ውስጥ በርሜል ሙሉ ውሃ የሚደፋ እብድ ነው፣ ወይም ውሃው የሰው ደም እንደነካው ያወቀ። ምክንያቱ ደግሞ ነገ ይመጣል፤ ኮሚሲዮኑ። እስር ቤት የሞተውን ልጅ ሀብቴ ደበደበው፤ ደብድብ ያለው ሌላ ነው። ሀብቴ ብቻውን የሚሰቀል ሰው አልነበረም።»

ውድነህ ቀስ ብሎ አጨበጨበ።

«ያምራል። ብርጭቆና ማራገቢያ። ምስክር ግን አለዎት?» ወደ ግድግዳው ዞረ። «መርሻ፣ ሰምተሃል?»

መርሻ ጫማውን አየ።

«ኻዲጃ?»

ኻዲጃ ሻሿን አጠበቀች።

«ይኸው። በዚህ ቬንትሌተር ጩኸት ማን ምን ይሰማል? ወሰኔ፣ ልጁን አውጣው።»

ወሰኔ ዲኒን በገመዱ ጎተተው። ልጁ ወለሉ ላይ በተረጋው ደም አዳልጦት በጉልበቱ ወደቀ፤ ተጎተተ። ትሩፋት እጇን ወደ ሽጉጧ ሰደደች፤ ደጅ ሌሎች ጠመንጃዎች እንዳሉ ታውቃለች።

እቴናት ከግድግዳው ተነሣች። በባሏ ሬሳ አጠገብ አልፋ ሄደችና የቬንትሌተሩን ማጥፊያ ተጫነችው። ክንፎቹ ዝግ፣ ዝግ እያሉ ቆሙ። ዝንቡ ተሰማ። የዲኒ ትንፋሽ ተሰማ።

«ሰምቻለሁ» አለች። «‹ጓድ ውድነህ፣ አልናገርም፣ ይማሩኝ› ሲል ሰምቻለሁ። ብዙ ለመነ። ተነሥቼ መጮህ እችል ነበር። ‹እሱም ይቅመሰው› ብዬ ዝም አልኩ። ይህ የኔ ነው፤ አልክድም። ከዚያ በኻዲጃ በርሜል እጁን ሲታጠብ በመስኮት አየሁት። ይህ ልጅ ግን በኔ ዝምታ አይሞትም።»

«ትሉ እሱ ነው» አለች ኻዲጃ፣ በአገጯ ወደ ሶፋው እያሳየች።

መርሻ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ደግሞም ጠረገ። «ጠዋት ስኳር ሰልፍ ላይ የመጀመሪያው ነበርኩ» አለ። «ጓድ ውድነህ መንጠቆውን ከልጁ እጅ ሲቀበለው አይቻለሁ።»

ውድነህ ተነሣ። ፊቱ እንደ ሸሚዙ አመድማ ቢጫ ሆኗል።

«ወሰኔ፣ እነዚህን ሁሉ እሰራቸው።»

ወሰኔ ገመዱን እንደያዘ ቆመ። ሶፋውን አየ፣ ግድግዳውን አየ፣ ነገ ስለሚመጣው ኮሚሲዮን አሰበ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ የዲኒን ገመድ ፈታና ለመቶ አለቃዋ አቀበላት።

«ወሰኔ፣ ያልኩህን አልሰማህም?»

«ምንም አልሰማሁም፣ ጓድ ሊቀ መንበር» አለ ወሰኔ። «ቬንትሌተሩ ይጮኻል።»

ቬንትሌተሩ ቆሞ ነበር።