ሁለተኛ ተጫዋች

መተት፣ ዓይነ ጥላ፣ ሟርት የሚባል ወሬ ሲነሳ ጥዬ የምወጣ ሰው ነኝ፣ ኮምፒውተር ስጠግን ነው የኖርኩት፣ ማንኛውም ብልሽት ምክንያት አለው እያልኩ ስንቱን ሽማግሌ ተከራክሬያለሁ መሰለህ፣ ይህንንም የምነግርህ ዛሬ ማመን ጀምሬ አይደለም፣ ስለደረሰብኝ ነው።

ካሳሁን ጓደኛዬ ነበር፣ ላሊበላ ውስጥ አብረን ጌም ቤት ከፍተን ነበር። ኮምፒውተሮቹ አሮጌ ስለሆኑ ሁሉም ላይ በዊንዶውስ ፋንታ ሊነክስ የሚባለውን የጫንኩት እኔ ነኝ፣ ጨዋታዎቹ ደግሞ ለዊንዶውስ የተሠሩ ናቸው፣ ስለዚህ ለእያንዳንዱ ጨዋታ ኮንቴይነር የሚባል ዝግ ክፍል ነገር ትሠራለታለህ፣ ዊንዶውስን የሚተካለትን ፋይል እዚያው ታስገባለታለህ፣ ጨዋታው ዊንዶውስ ላይ ያለ መስሎት አርፎ ይሠራል፣ ከክፍሉ ውጪ ያለውን አያይም፣ ኢንተርኔቱን ከዘጋህበት ደግሞ ማንም አይገባበትም። ይቺን ያዝልኝ፣ ማንም አይገባበትም።

አንድ ጠዋት ስመጣ ቁልፉ ተቀይሯል። ካሳሁን ለከተማው ሁሉ «የደንበኞችን ስልክ እየበረበረ የሴቶች ፎቶ ሲሰርቅ ያዝኩት» ብሎ አውርቶብኛል። ትዕግሥትን ላገባ ሽማግሌ የላክሁባቸው አባቷ መሪጌታ መንገድ ላይ አስቆሙኝና «ልጄ፣ ከእንግዲህ ደጄን እንዳትረግጥ» አሉኝ፣ አልጮኹም፣ ዝቅ ባለ ድምፅ ነው ያሉኝ፣ የጎዳኝም እሱ ነው። ላሊበላን ትቼ ሙጃ ከተማ እናቴ ዘንድ ገባሁ። ትዕግሥትን ለሌላ ዳሯት። እኔ ደግሞ፣ አልዋሽህም፣ በየቀኑ የካሳሁንን ክፉ ስመኝ ከረምኩ።

ሐምሌ ነው፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ በረዶ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል፣ መብራት ጠፍቷል። በላፕቶፔ ባትሪ፣ እንደዚያው ኮንቴይነር ውስጥ የዘጋሁትን የኳስ ጨዋታ ከፈትኩ፣ ብቻዬን ልጫወት። «ሁለተኛ ተጫዋች ገብቷል» የሚል ጽሑፍ መጣ። ያለኝ አንድ ጆይስቲክ ነው፣ እሱም እጄ ላይ ነው፣ ኢንተርኔት የለም፣ ብልሽት ነው ብዬ ቀጠልኩ።

ኳሱ ሲጀመር ያ ተጫዋች ኳሱን ወደ በረኛው መለሰና በግራ ክንፍ ብቻ እየገፋ መጣ። እንደዚያ የሚጫወት አንድ ሰው ነው የማውቀው። አገባሁበት። ከላፕቶፑ ሳል ወጣ፣ ደረቅ፣ አጭር፣ ካሳሁን ሲናደድ የሚስላት ሳል። ጨዋታውን ወደ ጎን አድርጌ ኮንቴይነሩ ውስጥ ምን እንዳለ አየሁ፣ ጨዋታው ብቻ ነው፣ ሌላ ምንም የለም። ተመልሼ ሁለተኛውን አገባሁ፣ አሁን አቃሰተ።

እናቴ ከጓዳ «እንግዳ መጣብህ እንዴ? ማነው የሚያቃስተው?» አለችኝ።

«ጨዋታው ነው እማዬ።»

«ጨዋታ እንዲህ ያቃስታል? በል ዝጋው!»

መዝጋት እችል ነበር፣ እመነኝ፣ አንድ ቁልፍ መጫን ነው። ሦስተኛውን ሳገባ ግን «እጄን… እጄን…» የሚል ድምፅ ሰማሁ፣ ያን ጊዜ ምን እንዳደረግኩ ታውቃለህ? ሳቅኩ። ከሆዴ ሳቅኩ። አራተኛውንም አገባሁ። ዳኛው ለእረፍት ሲነፋ ባትሪው አለቀና ስክሪኑ ጠቆረ፣ ከጠፋው ላፕቶፕ ውስጥ ግን አንዴ ሳል ተሰማ።

በማግስቱ የካሳሁን እህት የሺ ደወለች፣ እያለቀሰች ነው። «ትናንት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጌም ቤቱ ውስጥ ወደቀብን፣ መብራት እንኳ አልነበረም፣ ባዶ ቤት ተቀምጦ ነው፣ ሁለቱም እጆቹ ተጨብጠው አልዘረጋ አሉ። ያንተን ስም ብቻ ነው የሚጠራው፣ በማርያም ናልን።»

ሄድኩ። ሐኪሞች መርምረው ምንም ስላላገኙ ወደ ቤቱ መልሰውታል። አልጋው ላይ ነው፣ ጥፍሮቹ መዳፉ ውስጥ ገብተው የሺ በጨርቅ ጠቅልላለታለች። ቤት ሙሉ ጠያቂ ተቀምጦ፣ መሪጌታም ባሉበት፣ «ዋሽቼ ነው» አለ፣ «ፎቶ የሚባል ነገር የለም፣ ቤቱን ለብቻዬ ፈልጌው ነው።» መሪጌታ ጋቢያቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አደረጉ። ምን ያድርጉ? ልጅቷ ከተዳረች ወራት አልፏታል።

ሰዉ ሲወጣ በዓይኑ ጠራኝ፣ ጠጋ አልኩ።

«ስትስቅ ሰማሁህ» አለኝ።

ስለዚያ ቀን ለማንም አልተናገርኩም፣ ለእናቴም ቢሆን።

«ሁለተኛው አጋማሽ መቼ ነው?» አለኝ። ሲጠይቀኝ እንደ ሕፃን አገጩ ይንቀጠቀጣል። ጥዬው ወጣሁ።

ከዚያ ወዲህ ላፕቶፑን ቻርጅ አላደረግኩትም፣ የእናቴ ሳጥን ውስጥ ቆልፌበታለሁ፣ አዝኜለት ነው ብልህ ደስ ባለኝ። የካሳሁን እጅ እስካሁን አልተዘረጋም፣ የሺ ናት የምታጎርሰው። ባለፈው ቅዳሜ ላሊበላ ገበያ ወርጄ ትዕግሥትን ከባሏ ጋር አየኋት፣ ሆዷ ገፍቷል፣ አይታኝ አንገቷን ደፋች። ሙጃ ተመልሼ ቤት እንደገባሁ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ቻርጀሩን መፈለግ ጀመርኩ።

መብራትም ነበረ።