ወደ ታች የሚከፈተው በር

ዋና ነዳፊው ሞቶ የተገኘው ሰባተኛው ክፍል ውስጥ ነው። ክፍሉ ከመቶ መሰሎቹ ጋር ምሕዋር ላይ ተገጣጥሞ ግዙፍ ጣቢያ እንዲሆን የተሠራ የብረት ሣጥን ነበር። ጠዋት አየር ያሾልክ እንደሆነ ለመፈተን ናይትሮጅን ጋዝ ሞሉት፤ ሰውየው ውስጥ ነበርና ታፈነ።

ጋዙን የከፈተችው ገጣጣሚዋ ናት። የፖሊስ መርማሪዋ የመገጣጠሚያ አዳራሹን በሮች ስታስቆልፍ፣ ለገጣጣሚዋ ግድግዳው ወደ እሷ የቀረበ መሰላት። ዛሬ እስር ቤት ብታድር ልጆቿን ማን ይሰበስብላታል?

«ውስጡን ሳታዪ ጋዙን ከፈትሽ» አላት የአዳራሹ አለቃ።

«በሩ መዘጋቱን የሚያሳየው መብራት በርቶ ነበር ጋሼ። እርስዎ የዘጉት መስሎኝ ነው።»

«ማንም አልዘጋውም» አለ የስሌት ባለሙያው፣ ኮቱን አጣጥፎ ክንዱ ላይ እንደያዘ። «ስፕሪንግ አለው፤ ራሱ ነው የሚዘጋው። ማየት የእሷ ፋንታ ነበር።»

መርማሪዋ ጥቂት የምትናገር፣ ዐይኗ ግን የማያርፍ ሴት ነበረች። ክፍሉ ሥር ጎንበስ ብላ ገባችና ወለሉ ላይ ያለውን በር ትንሽ ገፍታ ለቀቀችው። በሩ ወደ ታች እንደተንጠለጠለ ቀረ።

«ይኸው አልተዘጋም።»

«ስፕሪንጉ ለሰማይ ነው» አለች ገጣጣሚዋ በቀስታ። «እዚያ ክብደት የለም። እዚህ በመዘውር ነው የምናነሣው፤ እኛው የሠራነው ስለሆነ ንድፉ ላይ የለም።»

መርማሪዋ ሦስቱንም በሩ አጠገብ ሰበሰበቻቸው።

«እንግዲህ የዘጋው ሰው ነው። መዘውሩን የሚያውቅ ሰው በሩን አይሸከምም። የዘጋው ግን ተሸክሞታል፤ ትናንት የተቀባው አረንጓዴ ቀለም ጠርዙ ላይ በትከሻ ልክ ተፍቋል።» ወደ ስሌት ባለሙያው ዞረች። «በዚህ ብርድ ኮትዎን ለምን አወለቁ?»

ኮቱን ተቀብላ ዘረጋችው፤ ትከሻው አረንጓዴ ነበር።

«ነዳፊው የክፍሉን ማጠፊያ በስህተት አስልተሃል፣ ሥራው ይቁም አለኝ» አለ ሰውየው ፊቱ አመድ መስሎ። «ሊለካው ገባ። ስምንት ዓመት የለፋሁበት ነው። ትንሽ ቢታገት ብዬ እንጂ ጋዙን አላሰብኩትም።»

«የፈተናውን ሰዓት የወሰንከው አንተ ነህ» አለው አለቃው።

ሰውየውን ፖሊሶች ይዘውት ወጡ። አለቃው በኀፍረት ወደ ገጣጣሚዋ ቀረበ።

«ይቅር በይኝ እህቴ። በቃ፣ ወደ ልጆችሽ ሂጂ።»

ወለሉ ላይ ተቀመጠች እንጂ አልሄደችም። እጆቿን ታያለች።

«ሲንኳኳ ሰምቼ ነበር» አለች። «ብረት በጋዝ ግፊት ሲወጠር ሁልጊዜ ይንኳኳል። የብረቱ ድምፅ መስሎኝ ቧንቧውን ጨምሬ ከፈትኩት።»

መርማሪዋ ማስታወሻ ደብተሯን ዘግታ አጠገቧ ተቀመጠች።