ቱሌን ወይስ ቱሊን

የጀልባ ሠሪው የታኔሊ ሬሳ ከሐይቁ ዳር፣ ከተገለበጠች ጀልባው አጠገብ ተገኘ። ያገኘው የወንድሙ ልጅ ኦስካሪ ነው። ሁሉም ጀልባዋ ስትገለበጥ ጭንቅላቱን መታችው ብሎ ነበር። ሐኪሙ ግን «ይህ ሰው ከኋላው በመቅዘፊያ ተመትቷል» አለ።

ያን ጊዜ ኦስካሪ መርማሪዋን ሳይሚን ለብቻዋ ጠራት።

«አጎቴን ሳገኘው ነፍሱ አልወጣችም ነበር፤ ‹ቱሊን› ብሏል። የቱሊ ሥራ ነው ማለቱ ነው።»

ቱሊ የሟቹ ምራት ናት፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ ከሽማግሌው ጋር ትኖር ነበር። ወሬው በየሳውናው፣ በየእንፋሎት መታጠቢያው ተዳረሰ። ሰው ሰላምታዋን መመለስ ተወ፤ እስር ቤት ስትገባ ትንሽ ልጇን ማን እንደሚወስድ እንኳ መነጋገር ተጀመረ።

ሳይሚ ጎረቤቲቱን እትዬ ሂልማን ጠየቀች።

«ሬሳው ሲነሳ ነበሩ አሉ?»

«ነበርኩ እንጂ! ቱሊም አብራኝ ነበረች፤ ኦስካሪ እያየ ዓይኑን የከደነችው እሷ ናት።»

«ኦስካሪ ያን ጊዜ ሟቹ ምን አሉ ብሎ ነገራችሁ?»

«‹አጎቴ ቱሌን ብሏል› ያለኝ መስሎኝ ነበር። ኋላ ‹ቱሊን ነው ያልኩት፣ አልሰማሽኝም› ሲለኝ ጆሮዬን ጠረጠርኩ።»

በዚህ በሰሜኑ አገራችን ቋንቋ ቱሊ ነፋስ ነው፤ የሴት ስምም ይሆናል። «የነፋስ» ሲባል ቱሌን፣ «የቱሊ» ሲባል ግን ቱሊን ነው።

«እርስዎስ ምን አሉት?»

«‹ደግሞ የምን ነፋስ?› ነዋ!»

«እሱስ?»

ሴትዮዋ የመለሱትን ሰምታ ሳይሚ ብድግ አለች። ሁሉንም በታኔሊ ወጥ ቤት ሰበሰበች።

«ኦስካሪ፣ እትዬ ሂልማ አንዲት ድምፅ አሳስተው ሰምተው ሊሆን ይችላል።»

«አልኩዎት እኮ! ጆሮዋ ከጥርሷ ጋር ነው የሄደው።»

«እሺ። ‹የምን ነፋስ?› ሲሉህ ግን ምን መለስክ?»

ኦስካሪ ወደ እትዬ ሂልማ ዞረ።

«‹ድንገተኛ የሰሜን ነፋስ› አልክ። ‹ቱሊን› ብለህ ቢሆን ኖሮ ‹ማን ስለ ነፋስ አወራ?› ትላቸው ነበር። ገዳይ ናት የምትላትንም ሴት የሟቹን ዓይን እንድትከድን አትተዋትም ነበር። መጀመሪያ አደጋ እንዲመስል በነፋስ አላከክህ። ነፋስ መቅዘፊያ አያነሳምና፣ ሐኪሙ ሲናገር ያችኑ ቃል በቱሊ ላይ አዞርካት። አጎትህ አንዱንም አላሉም። ይህን ሁሉ ድካም የሚደክመው የመታው ሰው ነው።»

ኦስካሪ ጠረጴዛው ላይ አቀረቀረ።

«የጀልባ መሥሪያውን ለቱሊ ሊሰጥ ነበር» አለ። «ከልጅነቴ እንጨት የላግኩለት እኔ!»

ፖሊሶች ይዘውት ሄዱ። እትዬ ሂልማ እያለቀሱ የቱሊን እጅ ያዙ።

«ይቅር በይኝ ልጄ። ጆሮዬን መጠርጠር አልነበረብኝም።»

ቱሊ እጇን ቀስ ብላ አስለቀቀች።

«የጠረጠሩትስ እኔን ነው፣ እትዬ።»