ትንሿ ብሎን

ኢንስፔክተር ውባንች ከሽንፋ ወንዝ ማዶ ካለው የሰሊጥ እርሻ ስትደርስ የደሴ አስከሬን በሸራ ተሸፍኖ ነበር። ደሴ የትራክተሩ ሹፌር ነው። ሠራተኛው ለምሳ ወደ ዳሱ ሲሄድ እንደ ልማዱ በጎማው ጥላ ተጋድሞ ሳለ ትራክተሩ ተነሥቶ ሄደበት፤ ኩይሳ ሲያግደውም ቆመ።

ከወሎ የመጣው የቀን ሠራተኛ ሷሊህ ከዳሱ ምሰሶ ጋር ታስሯል። ከንፈሩ ተሰንጥቋል። ዱላ የያዙ ሰዎች ከበውታል።

«ገዳዩ ይኸው ነው» አሉ የእርሻው ባለቤት አቶ አዛናው። «ትናንት ደሴን ሊደበድብ ሲንደረደር ሁሉም አይቷል። ዛሬ ቁልፉን አዞረበት፣ በቃ። አንቺ ወረቀትሽን ጽፈሽ ሂጂ፤ የቀረውን እኛ እንጨርሰዋለን።»

«ምኑን ነው የምትጨርሱት?»

የውባንች ደም ፈላ። መጀመሪያ መደብደብ፣ ኋላ መጠየቅ፤ ይህን ሥርዓት ዐሥር ዓመት ስትሟገተው ኖራለች፣ አልለመደችውም።

«ካራዎን ያውሱኝ፣ ገመዱን ልቁረጥ» አለች፣ አዛናው ክንዳቸው ላይ ያሰሩትን የቆዳ አፎት እያየች።

«የኔ ካራ የነፍሰ ገዳይ መፍቻ አይደለም።»

ወደ ሷሊህ ዞረች። «ከደሴ ጋር ምን አጣላችሁ?»

«አምና እዚሁ ወንድሜን በትራክተር የገደለው እሱ ነው ብለውኝ ነው፣ እህቴ። ‹የነዳሁት እኔ አይደለሁም፤ ነገ ማታ ሁሉ ባለበት እናገራለሁ› አለኝ። ውሸቱን መስሎኝ ልመታው ተነሣሁ። ያዙኝ። ወላሂ፣ ከዚያ ወዲያ አልነካሁትም።»

ሸራውን ገለጥ አደረገች። የትራክተሩ ቁልፍ ከመሣሪያ ሳጥኑ ቁልፍ ጋር በአንድ ቀለበት የሟቹ ቀበቶ ላይ ተንጠልጥሏል። ያላዩትን ቁልፍ «አዞረው» ብለው ሰው አስረዋል። ሳጥኑም እንደተቆለፈ ነው፤ ከፍታ ካቻቢቴውን አወጣች።

ፖሊስ ከመሆኗ በፊት የመኪና ኤሌክትሪክ ተምራለች። ሞተሩን አዙሮ ከሚያስነሣው ከሞተሪኖው ጀርባ የተቀመጠችውን በርሜል መሳይ ሶሌኖይድ ጎንበስ ብላ አየቻት። ሁለት ወፍራም ብሎኖች፣ አንዲት ትንሽ። ትንሿና አንደኛው ወፍራም ላይ እንደ ክር የቀጠነ ትኩስ ቃጠሎ አለ።

«አቶ አዛናው፣ ትራክተር ማስነሣት ያውቃሉ?»

«እኔ ብረት አልነካም። ለብረቱ ሹፌር ቀጥሬያለሁ።»

ሰዉን ሁሉ ትራክተሩ ዙሪያ ሰበሰበች። ማርሹን ነፃ አድርጋ ካቻቢቴውን ለሌላኛው ሹፌር ለደምለው ሰጠችው። «ያለ ቁልፍ አስነሣው።»

ደምለው ሁለቱን ወፍራም ብሎኖች አገናኘ። ብልጭታ ዘለለ፤ ሞተሪኖው ባዶውን ጮኸ፣ ሞተሩ ግን ንቅንቅ አላለም። ደገመ። የተቃጠለ ሽታ መጣ።

«ተው፣ አንተ ደነዝ» አሉ አዛናው። «ሞተሪኖዬን ልታነደው ነው? ወፍራሙን ከትንሿ ጋር!»

ደምለው እንደተባለው አደረገ። ትራክተሩ ተነሣ። ውባንች አጠፋችውና ፊቷን ወደ ሰዉ መለሰች።

«እዚህ ውስጥ የሽቦ ጥቅልል አለ። ትንሿ ብሎን ኤሌክትሪክ ስታገኝ ጥቅልሉ ማግኔት ይሆንና መሃሉ ያለውን ብረት ይስባል። ብረቱ ሲሳብ የሞተሪኖውን ጥርስ ከሞተሩ ጥርስ ጋር ያናክሳል፣ ኃይሉንም ይለቃል። ወፍራሞቹን ብቻ ያገናኘ ጥቅልሉን ዘሎታል፤ ጥርሱ ሳይነክስ ሞተሪኖው ብቻውን ይዞራል። በትንሿ የመጣ ግን ቁልፍ አይጠየቅም፣ ማርሽ ገብቶም ያስነሣል። ሹፌሩ ደምለው ይህን አላወቀም። ብረት የማይነኩት አቶ አዛናው ያውቃሉ።»

«ሲሠሩ ያየ ሁሉ ያውቀዋል።»

«ይሁን። ካቻቢቴው ግን ሳጥን ውስጥ ተቆልፎ ነበር፤ ቃጠሎውም የስለት ነው። ካራዎን አሁንም አያውሱኝም?»

አዛናው እጃቸውን አፎቱ ላይ ጫኑ። ደምለው ቀድሞ መዘዘው። የካራው ስለት ሁለት ቦታ ቀልጦ የሰሊጥ ፍሬ ያህል ተሸርፏል። ውባንች ብሎኖቹ ላይ አስጠጋችው፤ አንዱ ሽራፊ ወፍራሙ ላይ፣ ሌላው ትንሿ ላይ ልክ ገጠመ።

«አምና መሪ ላይ የነበሩት እሳቸው ናቸው» አለ ደምለው መሬት መሬት እያየ። «ደሴን ጥፋቱን ተሸከም አሉት። እኔም አይቼ ዝም አልኩ።»

«ይህን ሁሉ ሕዝብ የማበላው እኔ ነኝ!» አሉ አዛናው።

«እጅህን አምጣ» አለችው ውባንች።

«እኔን ነው አንተ የምትይኝ?»

«አንተን ነው።»

ዱላዎቹ ወደ አዛናው ዞሩ። ካቴናውን ቆልፋ ፊቱ ቆመች። «ዱላውን ጣሉት። ይህንንም ሰው አላስነካችሁም። ቅድም ለሷሊህ አንሥታችሁት ነበር፤ አታፍሩም?»

ደምለው ሄዶ የሷሊህን ገመድ ፈታ። ሷሊህ የደማ አንጓውን እያሻሸ ከማንም ጋር ሳይነጋገር አለፈና ሸራው አጠገብ ተቀመጠ። ሬሳውን የሚወስደው መኪና እስኪመጣ ድረስ በባርኔጣው ዝንብ ሲከለክል ቆየ።

«አፉ በለኝ፣ ውሸትህን መስሎኝ ነው» ይላል በየመሃሉ፣ በዝቅተኛ ድምፅ፣ መልስ እንደሚጠብቅ ሰው።