የሰሊጥ ክምሩ ቁመት

የህሩይን አስከሬን ከገደሉ ያወጡት ሰዎች እንግዳ ማረፊያው በረንዳ ላይ ሲያሳርፉት ማንም አላለቀሰም። ነፋሱ የለበሰውን ጋቢ ይገልጠዋል፤ አንድ ሰው ይመልሰዋል፤ ነፋሱ ደግሞ ይገልጠዋል። ኢንስፔክተር አማረች ከደባርቅ ደርሳ ከመኪና ስትወርድ ያየችው ይህንኑ ነበር። እሷም ብትሆን ውስጧ ምንም አልተላወሰም። በነዚህ ዓመታት ብዙ የተሸፈኑ ሰዎችን ገልጣ አይታለች።

ቀድሟት የደረሰው ፖሊስ ነገሩን ባጭሩ አስረዳት። ሟቹ ጎንደር ከተማ የሂሳብ መምህር ነበር። በኮምፒውተር የስሌት ፕሮግራም የሚሠሩ ሰዎች በአማርኛ የሚጠያየቁበት «የቀመር ቤት» የተባለ የኢንተርኔት መድረክ አቋቁሟል። መድረኩን በፈቃደኝነት ከሚያግዙት ሦስት ሰዎች ጋር ትናንት ወደዚህ የመጣው አብረው ተቀምጠው ለመሥራት ነው። እስከ ትናንት የሚተዋወቁት በጽሑፍ ብቻ ነበር።

«ከቁርስ በኋላ ሁሉም በየፊናው ወጣ» አለ ፖሊሱ። «ሦስቱ ተመልሰው አዳራሹ ውስጥ ሥራ ጀመሩ። እሱ ቀረ። ግን እነሱ አዳራሽ ውስጥ እያሉ መድረኩ ላይ ለአንዲት ጠያቂ መልስ ጽፏል። ስለዚህ ያን ሰዓት በሕይወት ነበር ማለት ነው። ከዚያ እስከ ምሳ ከአዳራሹ ርቆ የሄደ የለም። አዳልጦት ነው የሚሆነው።»

«በምን ጻፈው?»

«በስልኩ ነዋ። ስልኩ ኪሱ ውስጥ ተገኝቷል።»

አማረች አስከሬኑን መጀመሪያ ካዩት ከጥበቃው ከአያ መልካሙ ጋር ወደ ገደሉ አፋፍ ሄደች። መሬቱ ደረቅ ነው፤ የሚያዳልጥ ነገር የለውም። ስልኳን አውጥታ አየች። ኔትወርክ የለም።

«አያ መልካሙ፣ እዚህ ስልክ ሠርቶ ያውቃል?»

«ምን ትጠይቂኛለሽ ልጄ? እዚህማ ከየት መጥቶ! ልጆቼን ላናግር ስል እስከ አስፋልቱ ነው የምወጣው።»

«ህሩይ ወደ አስፋልቱ ሄዶ ነበር?»

«ኧረ የለም። ደኅና አደሩ ብሎኝ በዚሁ ወረደ። ሸጋ ልጅ ነበር። እኔ ከብት ልመልስ ሄድሁ፤ ከኋላው ሰው ወርዶ እንደሁ አላየሁም።»

አዳራሹ ውስጥ ብቻ ከሚሠራው የእንግዳ ማረፊያው ኢንተርኔት ጋር የተያያዙ አራት ላፕቶፖች ረጅም ጠረጴዛ ላይ ተከፍተዋል። የህሩይ መሃል ላይ ነው፤ ግድግዳው ላይ ምስል የሚጥለው መሣሪያ ከእሱ ጋር ተያይዟል። ሦስቱ ሰዎች እርስ በርስ ሳይተያዩ ተቀምጠዋል።

«ይህን ኮምፒውተር ዛሬ የነካ አለ?»

«ሁላችንም» አለች እስከዳር፣ ጎንደር ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ አስተማሪ ናት። «ክፍት ነበር። ሥራችንን ግድግዳው ላይ ለማሳየት በየተራ እየተነሣን እንጠቀምበት ነበር።»

አማረች ራሷን ነቀነቀችና እሷን ለብቻዋ ወደ በረንዳው ጠራቻት።

«ከህሩይ ጋር ትስማሙ ነበር?»

«አንስማማም ነበር። ሰው ተቸግሮ ሲጠይቀው መልስ አይሰጥም፤ ጥያቄ ነው የሚመልስለት። ራሱ ያግኘው ይላል። ሰው እያነበበን በዚህ ተጨቃጭቀናል። ባለፈው አንድ ስሙን የደበቀ ሰው መንገድ ዳር፣ ከገበያ በላይ ስለሚሠራ አንድ ግንብ ጠየቀ። ህሩይ ‹ማዕዘንህን በምን ለካኸው?› ብቻ ብሎ መለሰለት። ሰውየው ጥያቄውን ሰርዞ ጠፋ።»

«ዛሬ ጠዋት የት ነበርሽ?»

«ቤተ ክርስቲያን። የሚያውቀኝ ሰው ግን እዚያ የለም።» ድምጿ ውስጥ ፍርሃትም ኀዘንም አልነበረም። «ማልቀስ ነበረብኝ አይደል?» ብላ ጠየቀች።

ቀጥሎ የመጣው ቡሽራ ነበር፤ ከጎንደር ነጋዴ ቤተሰብ የተወለደ፣ የብረት ጣሪያ የሚሠራ ሰው።

«መኪናዬን ሳጥብ ነበር፤ ያየኝ የለም። ጠብም አልነበረንም። አንድ ነገር ብቻ ገርሞኛል። ትናንት ስንመጣ ወለቃ ላይ አቁም አለኝ። ሸክላ ሊገዛ ነው ብዬ ነበር። እሱ ግን ከሸክላ ሻጮቹ በላይ ያለውን አዲሱን የድጋፍ ግንብ ሲያይ ቆየ። ከዚያ እዚህ እስክንደርስ አንድ ቃል አልተነፈሰም።»

«ሌሎቹስ ወረዱ?»

«እስከዳር ወርዳ ጀበና ገዛች። አላምረው ከመኪናው አልወረደም።»

አላምረው የግንባታ መሐንዲስ ነው። እጆቹን ጭኖቹ ላይ አድርጎ መለሰ።

«በእግሬ ወደ አስፋልቱ ሄጄ ነበር። ህሩይን አከብረው ነበር። እኔ መድረኩን የተቀላቀልሁት ዘንድሮ ነው፤ ከዚያ በፊት የምሠራው በካልኩሌተር ነበር።»

አማረች ወደ አስፋልቱ ወጥታ የመጨረሻዋን ሰው በስልክ አነጋገረች። ኢልሃም ሳንጃ የምትኖር የአስራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ የዛሬው መልስ የተጻፈው ለእሷ ነበር።

«አባቴ ሰሊጥ ይሰበስባል» አለች ኢልሃም። «የክምሩ ጎን ሃያ ስድስት ዲግሪ ያዘነብላል። ከመሃሉ እስከ ጠርዙ አንድ ሜትር ነው። ቁመቱን ሳልለካ በስሌት ላገኘው ብዬ ነው የጠየቅሁት። ጋሽ ህሩይ ቁጥሩን ጻፈልኝ።»

«ደስ አለሽ?»

«ግራ ገባኝ። ሁልጊዜ ይጠይቀኛል እንጂ መልስ ሰጥቶኝ አያውቅም። ደግሞ ልክ አይደለም። ክምሩ አጠገብ ቆሜ አየሁት፤ ጉልበቴ ጋ ነው። የተጻፈልኝ ግን ደረቴ ጋ ያደርሰዋል። ምነው፣ አሞት ነው እንዴ?»

አማረች መሞቱን ነገረቻት።  

በማግስቱ ጠዋት ሦስቱን አዳራሹ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። አያ መልካሙ በሩ ላይ ቆሙ።

«የኢልሃምን ጥያቄ በየራሳችሁ ኮምፒውተር ሥሩልኝ» አለች። «አትነጋገሩ።»

ሠሩ። እስከዳር ግማሽ ሜትር የማይሞላ ቁመት አገኘች። ቡሽራም እንደዚያው። የአላምረው ስክሪን ላይ አንድ ነጥብ አንድ ስምንት ይላል።

ቡሽራ ወደ አላምረው ስክሪን አየ፤ ዓይኑን ቶሎ መለሰ።

«ህሩይ የሞተው አዳልጦት አይደለም» አለች አማረች። «ወደ ገደሉ የሚወስደው መንገድ ላይ ስልክ አይሠራም። ስለዚህ መልሱን ከዚያ ሊጽፈው አይችልም። የተጻፈው ከዚህ ጠረጴዛ፣ ከራሱ ኮምፒውተር ነው፤ የጻፈውም ከእናንተ አንዱ ነው። ለምን? ህሩይ በሕይወት አለ እንዲባል። መልሱ ሲጻፍ ሦስታችሁም እዚህ ስለነበራችሁ፣ ሁላችሁም ነፃ ትሆናላችሁ። የጻፈው ሰው ግን ሁለት ነገር አላወቀም። ህሩይ ለኢልሃም መልስ ሰጥቷት አያውቅም። መልሱም የተሳሳተ ነው። እስከዳር፣ ስህተቱን አስረጂን።»

እስከዳር ጠረጴዛውን እያየች ተናገረች። «ማዕዘን በዲግሪም በራዲያንም ይለካል። ፕሮግራሙ ካልነገሩት በቀር የሰጡትን ቁጥር ራዲያን ነው ብሎ ይወስዳል። ተሳስተሃል አይልም፤ ሌላ ቁጥር ይሰጣል።»

«የግንቡም ጥያቄ እንዲሁ ነበር» አለች አማረች። «ትናንት ወደ ጎንደር ደውዬ የወለቃውን ግንብ ስሌት ማን እንደሠራ ጠይቄያለሁ። አንተ ነህ፣ አላምረው። በዚሁ ስህተት አፈሩን ከእውነቱ እጥፍ ጠንካራ አድርገህ ነው ያሰላኸው። ህሩይ ወለቃ ላይ ያየው ግንብ የተሰረዘው ጥያቄ ግንብ ነበር፤ መሐንዲሱ አንተ ከመኪናው አለመውረድህን ሲያይ ጥያቄው ያንተ መሆኑ ገባው። ጠዋት ተከትለኸው ወረድህ።»

አላምረው አልካደም። ድምፁ የሰው ወሬ የሚያወራ ይመስል ነበር።

«ግንቡ ይወድቃል አለኝ። የት ጋ ነው የተሳሳትሁት ብዬ ለመንሁት። ‹ማዕዘንህን በምን ለካኸው?› አለኝ። ደጋግሜ ጠየቅሁት፤ ያንኑ ደገመልኝ። ሰኞ ለከተማው አሳውቃለሁ አለ። ያላገጠብኝ መሰለኝ። ገፋሁት።» ወደ እስከዳር ዞረ። «ይኸው ብቻ ነው? ዲግሪውን መቀየር?»

«ይኸው ነው» አለች። ያን ጊዜ ነው ማልቀስ የጀመረችው፤ ድምፅ የለውም፤ እንባው ብቻ ይወርዳል። ቡሽራ መሐረቡን አውጥቶ ሰጣት።

አማረች አላምረውን ይዛ ወደ ጎንደር ስትወርድ ወለቃ ላይ መንገዱ ተጨናንቆ ነበር። ከግንቡ በላይ ፖሊሶች ገመድ ይወጥራሉ። ሸክላ ሻጮቹ ዕቃቸውን እያነሡ ወደ ማዶ ያሻግራሉ፤ ለምን እንደሆነ በወጉ የነገራቸው ሰው የለም፤ ተነሡ ተባሉ፣ ተነሡ። አንዲት ሴት እንስራ አዝላ፣ ምጣድ አቅፋ፣ መንገዱ ዳር ቆማለች። ሾፌሩ ፍጥነቱን ቀንሶ ቆመላት።

ሴትየዋ ከመኪናው ፊት አለፈች። ማዶ ስትደርስ ዞር አለችና በመስኮቱ የሚያያትን ሰው፣ አላምረውን፣ «እግዜር ይስጥልኝ» አለችው።