ዘንዶው መጀመሪያ ሰው ነበር

ሰዓት ሠሪው የሚሠራው ከአንድ ፎቅ ደረጃ ሥር ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። ሰው ሲወጣና ሲወርድ ኮቴው ከአናቱ በላይ ይሰማል። ጠረጴዛው ላይ ነጭ ጨርቅ፣ ሦስት ወረንጦ፣ የዘይት ጠብታ የሚያነሣባት ቀጭን መርፌና በግራ ዓይኑ የሚያጣብቃት ማጉያ መነጽር አሉ። ሰፈሩ «ጆሮ» ይለዋል። ሰዓት ሲመጣለት ከመክፈቱ በፊት ጆሮው ላይ አድርጎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። «ይቺ ደክማለች፤ ይቺ ደግሞ አቧራ ገብቶባታል» ይላል፤ ሲከፍታት እንዳለው ሆና ትገኛለች። ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ የሠራውን ሰዓት ግድግዳው ላይ ካለው ትልቅ ሰዓት ጋር አንድ ቀን ሳያስተያይ ለባለቤቱ መልሶ አያውቅም። እንዲህ ያለውን ሰው ነው እንግዲህ አንድ የስልክ ጨዋታ ቀልቡን የወሰደው።

ጨዋታው በኢንተርኔት የሚጫወቱት የዕድል ጨዋታ ነው፤ ስሎት ይሉታል። ጣት ሲነካው አምስት ረድፍ ሥዕል ይሽከረከራል። አንድ ዓይነት ሥዕል ከተደረደረ ገንዘብ ይሰጣል፤ ካልተደረደረ ይበላል። መብላቱ ይበዛል። ሥዕሉን ግን ማን አይቶ ዝም ይላል? ከአመዷ የምትነሣ የእሳት ወፍ አለች፤ ላባዋ አንድ በአንድ ሲቀጣጠል ይታያል። በማዕበል ላይ የሚራመድ ጢማም የባሕር ጌታ አለ። ከሁሉም በላይ ደግሞ በተከመረ ወርቅ ላይ ተጠምጥሞ የተኛ አረንጓዴ ዘንዶ አለ፤ ሲተነፍስ ቅርፊቱ እያብለጨለጨ ከፍ ዝቅ ይላል። ሰዓት ሠሪው መጀመሪያ ያየው ቀን ወረንጦው ከእጁ ወደቀ። ዕድሜውን ከሩዝ ፍሬ ያነሰ ብሎን ላይ አቀርቅሮ የኖረ ሰው፣ መዳፉ ውስጥ ተራራና ባሕር ሲከፈትለት ሌላ ምን ይሁን?

ጥፋቱ መደነቁ አልነበረም፤ መደነቅ ከፈጣሪ የተሰጠን ጸጋ ነው። ጥፋቱ ጆሮውን ያለቦታው ማመኑ ነበር። ሥዕሎቹ ሲዞሩ የሚሰማውን ቀጭ ቀጭታ ሰምቶ «ይሄ እንደ ሰዓት ማርሽ ጥርስ ያለው ነገር ነው፤ ጥርስ ያለውን ደግሞ እኔ አውቀዋለሁ» አለ። ዘንዶው ሊመጣ ሲል ድምፁ ጥቂት ይዘገያል ብሎ አመነ። ያንን መዘግየት ለመያዝ ስልኩን እንደ ሰዓት ጆሮው ላይ ለጥፎ ይውል ጀመር።

ታላቅ እህቱ በትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ትሠራለች። ከሥራ ስትወጣ ጎራ ሳትል አታልፍም። አንድ ቀን ስልኩን ለጥፎ አገኘችው።

«ማን ነው የደወለልህ?»

«ማንም። እያዳመጥኩ ነው። እትዬ፣ ነይ እስቲ ይቺን እዪልኝ።»

መነጽሯን አድርጋ ስታይ እሷም አፏን ይዛ ቀረች። ከዚያ በመጻሕፍት የምታውቃቸውን ሥዕሎች እንደ ድሮ ተማሪዎቿ አንድ በአንድ ትለያቸው ጀመር። «ወፏ የበረሃ አገር ሰዎች ናት፤ ፀሐይ ጠልቃ መውጣቷ ቢገርማቸው ያሰቧት። ጢማሙን መርከበኞች ከመነሣታቸው በፊት ይለማመኑት ነበር። ሰው ባሕርና ሞት ግራ ቢያጋባው እኮ ነው እነዚህን ያወጣቸው። ቁማር ሊቆምርባቸው አይደለም።»

«ዘንዶውስ?»

«እሱ ከቀዝቃዛ አገር ነው። መጀመሪያ ሰው ነበር።»

ሰዓት ሠሪው ቀና አለ።

«ለወርቅ ብሎ አባቱን የገደለ ሰው። ወርቁን ይዞ ዋሻ ገባ፤ እንዳይወስዱበት ላዩ ላይ ተኛ። ሲጠብቅ፣ ሲተኛ፣ ሲጠብቅ ቆዳው ቅርፊት አወጣ።» ስክሪኑን በጥፍሯ ነካ አደረገችው። «እዚህ ግን ሰውየው የለም። ሰውየውን አስወጥተው ዘንዶውን ብቻ አስቀሩልህ። ማስጠንቀቂያ የነበረውን ማባበያ አደረጉት።»

«አንቺ ደግሞ የቱንም ነገር ትምህርት ታደርጊዋለሽ። እኔ እኮ ዘዴውን ደርሼበታለሁ፤ ድምፁ ይነግረኛል።»

«እስቲ ድምፁን ዝጋው።»

ዘጋው። ሥዕሎቹ ጸጥ ብለው ተሽከረከሩና ቆሙ።

«የሰዓትን ድምፅ እንዲህ መዝጋት ትችላለህ?»

«እንዴት ተደርጎ? ድምፁ ከራሱ ከጥርሱ አይደል የሚመጣው?»

«ይሄኛውስ ከምኑ ነው የመጣው?»

ሳቀ። «ድምፅ ከሌለው በዓይን እይዘዋለሁ።»

«አንተ መቼም መልስ አይጠፋህም» ብላ ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች።

በዚያው ሳምንት አንዲት ወጣት ነርስ ከእናቷ የወረሰቻትን፣ ደረት ላይ የምትንጠለጠል ሰዓት ይዛ መጣች። የሕሙማንን የልብ ምት የምትቆጥረው በእሷ ነው። ሰዓት ሠሪው ፈታት፣ አጠባት፣ ገጠማት፤ የቀረው ዘይት ብቻ ነበር። ስልኩ ከጎኑ ተደግፎ ይሽከረከራል። አራት ዘንዶ ተደረደረ። አምስተኛው ሊመጣ ሲል ዓይኑ ወደዚያ፣ እጁ ወደዚህ ሆነ፤ ጠብታዋ ማረፍ በሌለባት ቦታ፣ ፀጉር በሚያክለው ጥምዝ ሽቦ ላይ አረፈች። አላየም። አምስተኛዋ የእሳት ወፏ ሆነች። በንዴት ሰዓቷን ከደናት። በማግስቱ ነርሷ ወደ ሥራ ስታልፍ መሙያዋን አዙሮ ሞልቶ፣ ሰዓቷን አስተካክሎ ሰጣት። ከግድግዳው ሰዓት ጋር አላስተያያትም፤ ጆሮው ላይም አላደረጋትም።

ከሰዓት በኋላ ነርሷ የደንብ ልብሷን እንኳ ሳትቀይር ተመልሳ መጣች።

«ጋሼ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ሰዓቷ ናት ወይስ እኔ?»

«ምን ሆንሽ ልጄ?»

«ትናንት ቀዶ ጥገና የተደረገላቸው አንድ ሽማግሌ አሉ። ጠዋት የልብ ምታቸውን ቆጥሬ ዘጠና ስድስት ብዬ ጻፍኩ። ደግሜ ብቆጥርም ያው። ሐኪሙ መጥቶ ሲቆጥር መቶ ሃያ ሆነ። ለካ ውስጥ ለውስጥ ይደማሉ። ደረሱላቸው፣ ተመስገን። እኔን ግን ዋናዋ ነርስ ለነገ ጠርተውኛል፤ ‹መቁጠር የማትችል ነርስ› ተብዬ ልጻፍ ነው። ሰዓቷንም ቀድማ አየኋት። የአልጋ ብረት አጋጭቻት ይሆን?»

ተቀብሎ ጆሮው ላይ አደረጋት። እንደ ደነበረ ፈረስ ትጋልባለች። ወዲያው ገባው። እውነቱን ለመናገር አንድ ቃል ይበቃው ነበር፤ ለሠላሳ ዓመት ስሙ ግን ሳሳ።

«ግጭት... ሊሆን ይችላል» አለ። «ተዪልኝና ልያት።»

«እንግዲያው ጥፋቱ የኔው ነው» አለችና ወጣች።

ሰዓቷን ከፈታት። ሲዘረጋና ሲሰበሰብ መዋል የነበረበት ጥምዝ ሽቦ በዘይቱ እርስ በርሱ ተጣብቋል። በሰዓት አሥራ አምስት ደቂቃ ትቀድማለች። የነርሷ አንድ ደቂቃ አርባ ስምንት ሰከንድ ነበረ ማለት ነው። በጎደሉት አሥራ ሁለት ሰከንዶች ውስጥ አንድ ሽማግሌ ሲደሙ ማንም አላወቀም። ስልኩ ብልጭ አለ፦ «ዘንዶው እየጠበቀህ ነው» ይላል። ቅርፊት ያወጣ ይመስል እጁን ዘርግቶ አየው። እዚህ የደረስኩት ከመቼ ወዲህ ነው ብሎ ቢያስብ ቀኑ ጠፋው። ጨዋታውን ከስልኩ አጠፋ። ሽቦውን አጠበ፣ አደረቀ፤ ሰዓቷን ከግድግዳው ሰዓት ጋር እስኪነጋ አስተያያት።

ጠዋት ሆስፒታል ሲደርስ ነርሷ በዋናዋ ነርስ ጠረጴዛ ፊት አንገቷን ደፍታ ቆማለች። ዋናዋ ነርስ፣ ፀጉራቸው የሸበተ ሴት፣ ሊጽፉ ብዕር አንሥተዋል።

«ሰዓት ሠሪው ነኝ። ከመጻፍዎ በፊት ይስሙኝ» አለ፣ ሰዓቷን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ። «ጥፋቱ የኔ ነው። ዘይት ያለቦታው ጣልኩ፤ ሳልፈትን ሰጠኋት። ትናንት ስትጠይቀኝም ዋሸኋት።»

«ዘይቱን ሲጥሉ ምን እያደረጉ ነበር?»

ከሁሉም የከበደው የዚህ መልስ ነበር። «ስልክ ላይ ቁማር እየተጫወትኩ ነበር።»

ነርሷ ዞር ብላ አየችው። አልተቆጣችውም፤ ብትቆጣው ይቀለው ነበር። ዋናዋ ነርስ ብዕሩን አስቀመጡ። «ሰዓቷ መዳኗን እዚህ ሆነን አናውቅም። ይከተሉኝ» ብለው ወደ ሽማግሌው አልጋ ወሰዱት።

«ይሄ ደግሞ ማነው፣ አዲስ ሐኪም ነው?» አሉ ሽማግሌው።

«ሰዓት ሠሪ ናቸው፣ አባባ።»

«እኔን ሊጠግን መጣ? እንግዲያው ዘይት እንዳይሰስት ንገሩት።»

ሰዓት ሠሪው መሬት መሬት አየ። ነርሷ ጣቶቹን ይዛ በሽማግሌው የእጅ አንጓ ላይ አሳረፈቻቸው። «እኔ ሰዓቷን አያለሁ፤ እርስዎ ይቁጠሩ።»

በዚያ ስስ ቆዳ ሥር አንድ ነገር ጣቱን መታው። ደግሞ መታው። ሰማንያ ዓመት ያልቆመ፣ የሰው እጅ ሞልቶት የማያውቅ ምት። ሠላሳ ዓመት ሲያዳምጥ ኖሮ እንዲህ ያለ ነገር ሰምቶ አያውቅም። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ሲቆጥር ይሁን ሲጸልይ አይለይም።

«ሰባ ስምንት» አለ።

ዋናዋ ነርስም የሽማግሌውን ሌላ እጅ ይዘው፣ በግድግዳው ሰዓት ይቆጥሩ ነበር። «ሰባ ስምንት» አሉ።

ያኔ ሰዓት ሠሪው ከአልጋው አጠገብ ተንበርክኮ ሁሉንም ለሽማግሌው ነገራቸው።

«እኔስ ተርፌአለሁ» አሉ ሽማግሌው። «ልጅቷን ነው የበደልካት። ይቅርታ እሷን ለምናት።»

ለመናት። ነርሷም ወዲያው እሺ አላለችውም። «ከእንግዲህ ሳይፈትኑ ለማንም ላይሰጡ ይማሉልኝ» አለች። ማለላት። ዋናዋ ነርስም ስሟን ሳይሆን የሰዓቷን ስህተት መዝገቡ ላይ አሰፈሩ።

ወገኖቼ፣ በየስልካችን የሚያብረቀርቁት ዘንዶዎችና የእሳት ወፎች ያምራሉ። የጥንት ሰዎች በፍርሃትና በመደነቅ ያወረሱን ናቸውና ታሪካቸውን ከነማስጠንቀቂያው ለልጆቻችን እንንገር። የሚሽከረከረው ጨዋታ ግን ከገንዘባችን አስቀድሞ የሚወስደው ልባችንን ነው፤ ልባችን የሌለበት ሥራ ደግሞ መጨረሻው የማናውቀው ሰው አካል ላይ ያርፋል። እጃችን የያዘችውን ትንሽ ሥራ ዓይናችንን ሳንነቅል እንሥራት። በዚያች ደቂቃ፣ በአንድ አልጋ ላይ፣ ሕይወቱ በእሷ የሚቆጠር ሰው አለ።